ፒኤምዲጂ 737-800፦ ከቦሌ ድሬዳዋ ሲበር

ለማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር (አውሮፕላን የማብረር የኮምፒውተር ጨዋታ) ከተሠሩት የአጭር ርቀት ጄቶች ውስጥ፣ ፒኤምዲጂ የተባለው ለሲሙሌተር አውሮፕላን የሚሠራ ኩባንያ በ2022 ያወጣው ቦይንግ 737-800 ዛሬም የሚገዛ ነው። ርካሽ አይደለም። አየር መንገዳችን የሚያበረው ዓይነት ስለሆነ ግን የአዲስ አበባ–ድሬዳዋን መስመር ይዞ መፈተሽ ያስኬዳል፤ የሞዴሉ ብርታትም ሆነ የሚያስቸግረው ነገር እዚያ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ቦሌ ከባሕር ወለል 7,625 ጫማ ከፍ ያለ ነው። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲሆን፣ ነፋስ ከሌለ፣ አየሩ ስስ ስለሆነ የፍጥነት መለኪያው 140 ኖት (ኖቲካል ማይል በሰዓት) እያሳየ አውሮፕላኑ መሬት ላይ 163 ኖት ገደማ ይሄዳል። በ3 ዲግሪ ሲወርዱም በደቂቃ 740 ጫማ ሳይሆን ወደ 865 ይጠጋል። አይደንግጡ፣ አፍንጫውንም ቀና አያድርጉ፤ ልክ ነው። ፍሬኑ የሚሸከመው ጉልበት ከባሕር ወለሉ በሲሶ ስለሚበልጥ ግን ረጅሙን ማኮብኮቢያ መጠቀም ነው።

ሲነሱ ፍላፕ 1 (ፍላፕ ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋው ክፍል ነው፤ ቁጥሩ የመዘርጋቱን መጠን ያሳያል) ለመውጣት ይረዳል፤ የመነሻ ፍጥነቱን ስለሚጨምር ግን ወደ ጎማው ገደብ፣ ማለትም መሬት ላይ ወደ 195 ኖት፣ ያቀርብዎታል። ሲነሡ አፍንጫውን በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ብቻ ያንሡ። ሰውነቱ ረጅም ነው፤ ጎማው መሬት ሳይለቅ 11 ዲግሪ ከደረሰ ጅራቱ ይመታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የካቢን አየር ግፊት ላይ ነው። ከራስ በላይ ባለው ፓነል የጉዞ ከፍታና የማረፊያ ከፍታ የሚሞሉባቸው ሁለት መስኮቶች አሉ። ለድሬዳዋ ማረፊያው 3,850 ነው፣ ወደ ቦሌ ሲመለሱ 7,650። መንገዱ አጭር ስለሆነ ብዙ ጊዜ 21,000 ጫማ ይበቃል። በጉዞው መስኮት ከቀድሞው በረራ የቀረ 37,000 ካለ፣ መውረድ ሲጀምሩ «ኦፍ ስኬድ ዲሰንት» (ከዕቅድ ውጪ መውረድ) የሚለው አምበር መብራት ይበራል። ግፊቱን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ሐሳብዎን ለውጠው ወደ ተነሱበት እየተመለሱ ነው ብሎ ስለሚያስብ፣ ካቢኑን ወደ ድሬዳዋ ሳይሆን ወደ ቦሌ ከፍታ ያዘጋጀዋል። ፒኤምዲጂ ይህን ሳይቀር ማስገባቱ ከሌሎቹ የሚለየው ነው፤ ከሲሙሌተሩ ጋር በሚመጡት አውሮፕላኖች ሲበር የኖረ ሰው ግን «ተበላሽቷል» ማለቱ አይቀርም።

ከ21,000 ወደ ድሬዳዋ ከፍታ ለመውረድ (17,000 ጫማ ገደማ ነው) ለየ1,000 ጫማው 3 ኖቲካል ማይል ይቁጠሩና ፍጥነት ለመቀነሻ 10 ይጨምሩ፤ ወደ 62 ይመጣል። ዘግይተው ከጀመሩ ይህ አውሮፕላን በቀላሉ አይቀዘቅዝም። ፍላፕ 5ን ከ250፣ ፍላፕ 30ን ከ175 ኖት በላይ አያውጡ።

ቦሌ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ አይአርኤሱ (የአውሮፕላኑን ቦታና አቅጣጫ የሚያውቀው መሣሪያ) ቶሎ ይስተካከላል፤ ትዕግሥት የሌለው ከአማራጮቹ ጊዜውን ማሳጠር ይችላል። ነዳጅና ሰው የሚጫነው ኤፍኤምሲው (የበረራ ዕቅድ ኮምፒውተሩ) ላይ ባለው «ኤፍኤስ አክሽንስ» ገጽ ነው፣ በሲሙሌተሩ መስኮት አይደለም።

አንድ የሚያበሳጭ ነገር አለ፦ የጆይስቲክዎ ጋዝ እጀታ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ የሞተሩን ኃይል በራሱ ከሚያስተካክለው ከኦቶትሮትሉ ጋር ይጣላል። በአማራጮቹ ውስጥ በእጅ መቆጣጠርን «በሆልድና በአርም ጊዜ ብቻ» (ኦቶትሮትሉ እጀታውን በማያንቀሳቅስባቸው ጊዜያት) የሚለው ላይ ያድርጉት።