የመንገድ ዳር ሽቦ አጥሬ ከ14 ወር በኋላ

ያጠርኩት በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። መቂ አጠገብ፣ ከአሮጌው አስፋልት ጎን፣ ፓፓያና ሽንኩርት የማለማበት መሬት አለኝ። በመንገዱ በኩል ያለው ጎን 180 ሜትር ነው። ድሮ የእሾህ አጥር ነበረው። በየዓመቱ ግራር ቆርጠን እንከምራለን፣ ምስጥ ይበላዋል፣ ከምስጥ የተረፈውን ደግሞ ሰው ለማገዶ ይወስደዋል። "አንተ ጋ ያለው ሽቦ እንዴት ነው?" የሚለኝ ስለበዛ፣ ያየሁትን እንዳለ ልጻፈው።

የገዛሁት ቁመቱ 1.50 ሜትር የሆነ መረብ ሽቦ ነው፤ ባለ 20 ሜትር 9 ጥቅል። ከላዩ ሁለት መስመር እሾሃማ ሽቦ አስኬድኩበት። ቋሚዎቹ በየ2.5 ሜትሩ ናቸው፤ 73 ሆኑ። ሁሉንም በኮንክሪት ልሠራ አስቤ ገንዘቡ 45 ላይ አለቀና ቀሪውን 28 በባህር ዛፍ ጨረስኩት። ሳላስበው ጥሩ ማወዳደሪያ ሆነልኝ።

መጀመሪያ ስለ ሽቦው። ሱቅ ውስጥ ሽቦ በቁጥር ነው የሚጠራው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ሽቦው ይቀጥናል። ባለ 12 ወደ 2.6 ሚሊ ነው፣ ባለ 14 ደግሞ 2 ሚሊ ገደማ። በዓይን ሲያዩት ያው ነው፤ ባለ 12ቱ ግን ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ብረት አለው። እኔ 9ኙንም ባለ 12 ነው ተብዬ ገዛሁ። አንዱ ክፍል ገና በሦስተኛው ወር ሲረግብብኝ፣ ብየዳ የሚሠራ ጓደኛዬ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ይዞ መጣና ሲለካ ሦስቱ ጥቅል ባለ 14 ሆኖ ተገኘ። ሻጩ "አብሮ ተጭኖ መጥቶ ይሆናል" አለኝ፤ በቃ፣ በዚያው ቀረ። ጥቅሎቹን ከመጫናችሁ በፊት ሚዛን ላይ አውጧቸው፤ የቀጠነው ራሱን ያጋልጣል።

ሌላው ስህተት የራሴ ነው። መረቡን ከቋሚው ጋር ያሰርኩት ለፌሮ ማሰሪያ በሚሆነው ጥቁር ሽቦ ነበር። አንድ ክረምት አልቻለም። መስከረም ላይ በእጄ ስነካው እየተሰበረ ወደቀ፣ ኮንክሪቱም ላይ ቡናማ ዝገት ጎርፎበታል። ሁሉንም ፈትቼ በጋልቫናይዝድ (ዚንክ በተለበጠ) ሽቦ ደግሜ አሰርኩት፤ የሦስት ቀን ሥራ ነው።

የባህር ዛፎቹን ሥር የተቃጠለ ዘይት ቀብቻቸው ነበር። ከ28ቱ 9ኙ ዛሬ በጣት ሲገፉ ይነቃነቃሉ። አንዱን ነቅዬ ሳየው ከላይ ደህና የሚመስለው እንጨት ከአፈር በታች እንደ ቀፎ ተቦርቡሯል። ኮንክሪቶቹ አልተነኩም። የእኛ አፈር አሸዋማና ቀላል ስለሆነ ግን 60 ሴንቲ መቅበር ብቻውን አይበቃም፤ ማዕዘን ላይ ያሉትን በኮንክሪት ሞልቼ በሁለት በኩል አጋዳሚ ድጋፍ ስለሰጠኋቸው ነው ውጥረቱን የቻሉት። ገንዘብ የሚያጥረው ሰው መሀል ላይ ይቆጥብ እንጂ ማዕዘን ላይ አይንካ።

ከመንገዱ ራቅ አድርጌ ማጠሬ ጠቅሞኛል። መሬት ለምን ታባክናለህ ያለኝ ብዙ ነው። ኅዳር ላይ አንድ ባጃጅ ስቶ ወጣና መረቡ ውስጥ ተቀረቀረ፤ ሽቦው እንደ ዓሣ መረብ ያዘው፣ ልጁም አቧራውን አራግፎ ተነሣ። ኮንክሪት ቋሚ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቢሆን ኖሮ ወሬው ሌላ ነበር። ነፋስ ሲነሣ ደግሞ የመንገዱ ፌስታል በሙሉ መረቡ ላይ ይለጠፋል፤ ካልለቀማችሁት ነፋሱን እንደ ሸራ ይሰበስብና ቋሚውን ይገፋዋል። በየሳምንቱ አንድ ማዳበሪያ እሞላለሁ።

ከሁሉ በላይ ያስቸገረኝ ግን ቀዳዳው ነው። በአንድ ቦታ፣ ከ31ኛው ቋሚ አጠገብ፣ ሦስት ጊዜ ተቆረጠ። ሌባ ነው ብዬ ጥበቃ ላቆም ነበር። ለአራተኛ ጊዜ ልጠግን ስሄድ እሾሃማው ሽቦ ላይ የነጠላ ጥለት ተንጠልጥሎ አየሁ። ትንሽ ቆይቶ የነጠላው ባለቤት መጡ፤ ጀሪካን ያዘሉ፣ ከማዶ ያሉ እናት።

"እማማ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ የሚያልፉት?"

"ልጄ፣ አንተ ሳትወለድ በዚህ ነው ውሃ የምንወርደው። አጠርክ፣ እሺ። እኛ በየት እንሂድ?"

መልስ አልነበረኝም። በጎናችን የሚያልፈው የሞጆ–ሐዋሳ ፈጣን መንገድም የታጠረው፣ መኪና በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር በሚበርበት ላይ ከብትና ሰው እንዳይገባ ነው፤ ግን እዚያ እንኳ ከሥር መሻገሪያ ተሠርቷል። እኔ ለሽንኩርት ብዬ ምንም አልተውኩም።

ቀዳዳውን አስፍቼ ጠባብ የቆርቆሮ በር አስገጠምኩ። ሰው ገፍቶ ያልፋል፤ ፍየል እንዳይከተል በሩ ራሱ መዘጋት ነበረበት። ገመድ በክብ ብረት ላይ አሳልፌ ጫፉ ላይ አሸዋ የሞላሁበት ባለ 5 ሊትር ጀሪካን አንጠለጠልኩ፤ ሲለቁት እየሳበ ይዘጋዋል። ከዚያ ወዲህ አንድም ሽቦ አልተቆረጠም። እማማም የፈረሰ ካዩ ይነግሩኛል፤ ላቆም ካሰብኩት ጥበቃ የእሳቸው ይሻላል።

ከመረቡ ሥር ቅንጭብ ተክያለሁ፤ በቁራጭ ይበቅላል፣ ፍየል አይቀምሰውም፣ አሁን ጉልበት ድረስ ደርሷል። ስትቆርጡት ነጩ ወተት ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ፤ ክፉኛ ያቃጥላል። ዘንድሮ የሚነቃነቁትን 9 የባህር ዛፍ ቋሚዎች በኮንክሪት እተካለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጀሪካኑን ሰው ወሰደው። አሸዋውን ግን በሥርዓት ከቋሚው ሥር ደፍቶልኛል። አሁን ድንጋይ ነው ያሰርኩበት።