ታፔላ ልታሠሩ ነው? የሽቦ መረብ፣ የተበሳ ላሜራ ወይስ ኤሲፒ

አዲስ አበባ ውስጥ የኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ የሱቅና የሆቴል ፊት ለፊት መልክ ትልቅ ጉዳይ ሆኗል። ታፔላ ለማሠራት ስትጠይቁ መጀመሪያ የሚቀርብላችሁ ኤሲፒ ነው፤ በሁለት ስስ አሉሚኒየም መሃል ሌላ ነገር፣ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ፣ የገባበት ሰሌዳ ማለት ነው። ቀጥሎ በማሽን የተበሳ ላሜራ ይመጣል። ብዙ ሰው የማያስበው የተሸመነውን የሽቦ መረብ ነው። ድርና ማጉ ሽቦ የሆነ ሸማ በሉት። ከአጥር ሜሽ የሚለየው መጋጠሚያው ላይ ብየዳ የለውም፤ ሽቦዎቹ አንዱ ባንዱ ላይና ታች እያለፉ ነው የሚያያዙት።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። መረቡ ከፊደል ጀርባ ሲቆም ያምራል፤ ራሱ ላይ ሲጻፍበት ግን አይነበብም።

ከነፋስ እንጀምር። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ድፍን ሰሌዳን በካሬ ሜትር ወደ 20 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይገፋል። ሦስት በሁለት የሆነ ታፔላ ላይ 120 ኪሎ መሆኑ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ከሆነ ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የ2 ሚሊ ሽቦ ሆኖ 10 ሚሊ ክፍተት ያለው መረብ 69 በመቶው ባዶ ስለሆነ ብዙው ነፋስ ያልፋል። 5 ሚሊ ቀዳዳ በየ8 ሚሊው የተበሳበት ላሜራ ግን ክፍቱ 35 በመቶ ብቻ ነው። ክብደቱም ይለያያል። መረቡ በካሬ ሜትር 4 ኪሎ ገደማ ነው። 2 ሚሊው የተበሳ ብረት ላሜራ 10 ኪሎ ይመዝናል፤ 4 ሚሊው ኤሲፒ 5 ኪሎ ተኩል። ስለዚህ ጣሪያ ላይ ወይም ምሰሶ ላይ ለሚወጣ ነገር እኔ መረብ እመርጣለሁ። ላዩ ላይ ባነር የምትወጥሩበት ከሆነ ግን ይህ ጥቅም በሙሉ ይቀራል።

አሁን ወደ ንባቡ። የእኛ ፊደል ልዩነቱ ያለው በትንንሽ ቅጥያ ነው። ቀ፣ ቁ እና ቂ የሚለዩት በአንዲት ጭረት ነው። መረቡ ላይ በቀለም ብትጽፉ ጭረቷ ክፍተቱ ውስጥ ትጠፋለች። የተበሳ ላሜራም ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ያው ችግር አለበት። መፍትሔው ፊደሉን ከድፍን ላሜራ ወይም ከአክሪሊክ ቆርጦ ከመረቡ ፊት ጥቂት ሴንቲ ሜትር አስወጥቶ ማሰር ነው። ሥዕል ወይም የሰው ፊት ማሳየት ከፈለጋችሁ ደግሞ የተበሳውን ውሰዱ። የቀዳዳውን መጠን በማለዋወጥ ምስል ማውጣት ይቻላል፤ እኩል የተሸመነ መረብ ይህን አያደርግም።

መብራት ነገሩን ይቀይረዋል። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ያላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የተመረቀውን የቀድሞውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የአይዘንሃወርን መታሰቢያ አንዴ ቀን፣ አንዴ ማታ እዩት። ፍራንክ ጌሪ የነደፈው ነው፤ ፈረንሳይ ያለውን የኖርማንዲን የባሕር ዳርቻ የሚያሳይ ግዙፍ የስቴንለስ ሽቦ መጋረጃ አለው። ሽቦው እየተጠማዘዘ የተበየደ እንጂ እንደ እኛው መረብ የተሸመነ አይደለም፤ የብርሃኑ ጠባይ ግን አንድ ነው። ቀን ላይ ምስሉ ፈዘዝ ይላል። ሲመሽና መብራት ሲበራ ይጎላል። ለእናንተም መረቡ እንዲታይ መብራቱን ከፊት፣ ከታች ወደ ላይ ጠጋ አድርጉት። ከኋላ ካበራችሁ መረቡ ይጠፋና የኋላው ግድግዳ ይታያል።

ኤሲፒን አልጠላውም። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይሠራል፣ ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ግን መሃሉ ፖሊኢታይሊን የተባለው ፕላስቲክ የሆነው ዓይነት ይቀጣጠላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ለንደን ውስጥ 72 ሰው የሞተበት የግሬንፌል ታወር እሳት የተዛመተው እንዲህ ባለ ልባስ ነው። ለትንሽ ሱቅ ታፔላ ያን ያህል ላያሳስብ ይችላል። ሙሉ ሕንፃ ለማልበስ ግን እሳት የሚቋቋመውን ዓይነት በስም ጠይቁ።

መረብ ከመረጣችሁ የብረቱ ዓይነት ቀጣዩ ጥያቄ ነው። ለአዲስ አበባ ስቴንለስ 304 ይበቃል። 316 ሞሊብዲነም የተባለ ብረት ስላለው የባሕር ጨውን ይቋቋማል፤ ጅቡቲ፣ ጅዳ ወይም ዱባይ ለምታሠሩ ትርፍ ወጪው ተገቢ ነው። እዚህ ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ጋልቫናይዝድ ርካሹ ነው፤ ብቻ ከተሸመነና ከተቆረጠ በኋላ ዚንክ ውስጥ የተነከረ ይሁን። አለዚያ የተቆረጠው ጫፍ በክረምቱ ዝናብ ይዝጋል። ነሐስ ያምራል፣ ግን ይጠቁራል። እጅ የሚደርስበት ቦታ ላይ ደግሞ ሌባ ይወደዋል።

በማግኔት ስቴንለስ እፈትናለሁ የሚል ነጋዴ ይገጥማችኋል። ሽቦ ላይ ይህ ፈተና አያስተማምንም። 304 ተጎትቶ ሽቦ ሲሆን ማግኔት በትንሹ ሊስበው ይችላል። የጥራት ወረቀቱን ጠይቁ።

ጫፉን ነገሬ ብላችሁ ተከታተሉ። የተቆረጠ መረብ ይፈታል፣ የሽቦው ጫፍም ይወጋል። እግረኛ መንገድ ዳር በሕፃን ዓይን ቁመት ላይ ሊሆን እንደሚችል አስቡት። ዙሪያውን በሙሉ በፍሬም ይታቀፍ። ስቴንለሱን መደበኛ ብረት በቆረጠ ዲስክ አያስነኩት፤ የብረት ብናኙ ይጣበቅና የዝገት ነጠብጣብ ያወጣል። ቡሎኑም ስቴንለስ ይሁን፤ ተራ ቡሎን ከስቴንለስ መረብ ጋር ሲገናኝ ቶሎ ይበላል። ፕሮፎርማው ላይ የሽቦው ውፍረት፣ ክፍተቱ፣ የብረቱ ቁጥርና የቡሎኑ ዓይነት ተጽፎ ካልመጣ ቀብድ አትክፈሉ።