የዘመድ ልጅ በጉዲፈቻ ለምታሳድጉ፦ ደሴ ላይ ላለች አንዲት ባለሙያ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

በቤተሰባችን ስም ምስጋናችን ይድረሳት። ደሴ ውስጥ በሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ የጉዲፈቻ ጥናት የምትሠራ አንዲት ባለሙያ አለች። የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነችና እሷም ስላልፈለገች ስሟንና ስልኳን አልጽፍም። ቢሮው ሄዶ የጉዲፈቻ ጉዳይ የምታየዋን ባለሙያ ብሎ የጠየቀ ያገኛታል። የእህቱን፣ የወንድሙን ወይም የአክስቱን ልጅ ወስዶ ለማሳደግ ያሰበ ሰው ደላላ ጋርም ሆነ ጠበቃ ጋር ከመሄዱ በፊት እሷን ያማክር። ምክሯ በነፃ ነው፤ ሻይ እንኳ አትቀበልም።

ወሎ ላይ የዘመድ ልጅ ማሳደግ እንግዳ ነገር አይደለም። «የእህት ልጅ የራስ ልጅ ነው፣ ምን ወረቀት ያሻዋል» ይባላል። ይህ የሚሠራው ሰው ሁሉ በሕይወትና በፍቅር እስካለ ድረስ ነው። አሳዳጊው ሲሞትና ርስት ሲነሣ፣ ሕፃኑ ታሞ ለቀዶ ሕክምና የሚፈርም ወላጅ ሲፈለግ፣ ፓስፖርት ሲወጣ፣ ወረቀት የሌለው ልጅ ሜዳ ላይ ይቀራል። አንዳንዱ ደግሞ አቋራጭ ይመርጥና ሕፃኑን «እኛ ወለድነው» ብሎ በራሱ ስም ያስመዘግባል። ባለሙያዋ አጥብቃ የምትከለክለው ይህንን ነው። የሐሰት ምዝገባ ወንጀል ነው። በዚያ ላይ ውርስ ሲነሣ ዘመድ በልጅነቱ ላይ ክርክር ሊያነሣ ይችላል፤ ልጁም ያን ጊዜ የሚያሳየው የጉዲፈቻ ውሳኔ የለውም።

ትክክለኛው መንገድ ረጅም አይደለም። በክልሉ የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 መሠረት ጉዲፈቻ በጉዲፈቻ አድራጊውና በሕፃኑ ወላጆች ወይም በአሳዳሪው (ሕፃኑን በሕግ በያዘው ሰው) መካከል በጽሑፍ የሚደረግ ስምምነት ነው። ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ግን ስምምነቱ ዋጋ የለውም። አድራጊው 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ባልና ሚስት ከሆኑ አብረው ነው የሚፈርሙት፤ ባል ብቻውን ወይም ሚስት ብቻዋን የምታመጣው ወረቀት ይመለሳል። የልጁ አባትና እናት በሕይወት ካሉና ከታወቁ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። አንዱ ከሞተ በቅድሚያ ሞቱ ወሳኝ ኩነት ላይ ተመዝግቦ የሞት የምስክር ወረቀት ይያዛል። የልጁም ልደት እንዲሁ መመዝገብ አለበት፤ ከጤና ጣቢያው ወይም ከሆስፒታሉ የሚሰጠውን የልደት ማሳወቂያ አትጣሉ፤ ምዝገባው በ90 ቀን ውስጥ ሲሆን ነገሩ ይቀላል።

ከሁሉ በላይ የምናመሰግናት የልጁን እናት ስላነጋገረችበት መንገድ ነው። እናት በታላቅ ወንድሟ፣ በአክስቷና በሽማግሌ ፊት ተጠይቃ «አልሰጥም» ማለት አትችልም። ስለዚህ ባለሙያዋ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ኮሪደር ላይ ታስቀምጥና እናቲቱን ብቻዋን አስገብታ በሩን ትዘጋለች። «እታለም፣ እዚህ የሚሰማሽ የለም። ልጁ ከጸደቀ በኋላ በሕግ የነሱ ልጅ ነው። ትጠይቂዋለሽ፣ ዘመድነታችሁ አይጠፋም። ግን ዓመት ቆይተሽ መልሱልኝ ብትይ ፍርድ ቤቱ በዚህ ብቻ አያፈርሰውም። ይሄን አውቀሽ ነው?» ትላለች። ከዚያ ዝም ብላ ትጠብቃለች፤ መልሱን ከእናቲቱ አፍ አትነጥቅም። ካመነታች ሌላ ቀን ትቀጥርላታለች። ልጁን አሳልፎ መስጠት ሳያስፈልግ እናቲቱን መርዳት የሚበቃ ከሆነም ያንኑ ለዘመዶቹ በግልጽ ትነግራቸዋለች። ገና ከአራስ ቤት ያልወጣች፣ ሐዘን ወይም ችግር የጫናት ሴት የሰጠችው ፈቃድ ኋላ ሁለት ቤተሰብ የሚያናክስ ጠብ እንደሚሆን ታውቃለች። ለፈቃዱ ገንዘብ መስጠትንም በፍጹም አትታገሥም። ልጅ በገንዘብ አይሰጥም፤ እንዲህ ያለ ክፍያ ጉዳዩን ወደ ሕፃን ሽያጭ ይወስደዋል።

አባት ወይም እናት ሳዑዲ ወይም ሌላ ዓረብ አገር ከሆኑስ? ይህ በእኛ አገር በየቤቱ አለ። በስልክ «እሺ» ማለት አይበቃም፤ በቪዲዮ ማሳየትም እንዲሁ። ፈቃዱን እዚያው ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቀርበው በጽሑፍ ያረጋግጣሉ። ወረቀቱ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ደርሶ ከተረጋገጠ በኋላ ነው ፍርድ ቤት የሚቀርበው። ረጅም ጊዜ የሚበላው ይኸ ስለሆነ ሌላውን ከመጀመራችሁ በፊት ይህንን አስቀድሙ።

አሁን ወደ ወጪው። ብዙ ሰው የሚፈራው የፍርድ ቤቱን ነው፤ እሱ ግን ከሁሉ ትንሹ ነው። መዝገብ ማስከፈቻ፣ ቴምብር፣ ፎቶ ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የአቤቱታ ጸሐፊ ክፍያ ነው። ይህንንም መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ እንዲታይለት ማመልከት ይችላል። ክርክር የሌለበት፣ ሁሉም የተስማማበት ጉዳይ ጠበቃ የግድ አያስፈልገውም። ወረቀቱን የሚያይላችሁ የሕግ ሰው ካሻችሁ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ኪስ የሚያራቁተው መመላለስ ነው። ከኩታበር፣ ከወረኢሉ ወይም ከተሁለደሬ ገጠር ምስክሮችን አሳፍሮ ምሳ አብልቶ ያመጣ ሰው መዝገቡ «ይስተካከል» ተብሎ ሲቀጠር ያንኑ ወጪ ደግሞ ያወጣል። መዝገብ የሚመልሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የስም አጻጻፍ ነው። ባለሙያዋ ወረቀቶቹን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ትዘረጋና በእስክሪብቶ ጫፍ ፊደል በፊደል ታመሳክራለች። መታወቂያው «መሐመድ» ይላል፣ የጋብቻ ወረቀቱ «ሙሐመድ»፣ የመሬት ይዞታ ደብተሩ «ሙሀመድ»። በአንዱ ላይ የአያት ስም አለ፣ በሌላው የለም። ይህን ፍርድ ቤት ሳትደርሱ ቀበሌ ላይ ማስተካከል ወይም «አንድ ሰው ነው» የሚል ማረጋገጫ ማጻፍ ይቻላል። መዝገብ ከተከፈተ በኋላ ግን ቀጠሮ ይበላችኋል።

የቤቱን ጥናት የምትሠራውም እሷው ናት። ቤቱ ድረስ ትሄዳለች፤ ሕፃኑ የት እንደሚተኛ፣ ውሃው ከየት እንደሚቀዳ፣ ገቢው ከየት እንደሆነ፣ ቀን ማን እንደሚይዘው ትጠይቃለች፤ ጎረቤትም ታናግራለች። ሀብት አይደለም የምትፈልገው። የደሞዝ ደብዳቤ፣ የንግድ ፈቃድ ወይም የይዞታ ደብተር ይበቃል። ቤት ውስጥ ያሉትን ልጆች ሐሳብ ግን መጠየቋን አትተውም። ፍርድ ቤቱ ሲወስን የሚያየው አንዱ ነገር ይህ ሪፖርት ነው።

እውነተኛው ወጪ ወተት ነው፤ ይህንን በቁጥር ቁጭ አድርጋ የምታሳይ ሌላ ሰው አላየሁም። እናቱ በሕይወት ካለችና ከወደደች ጉዲፈቻው ጡት አያስቆምም። እስከ 6 ወር ብቻውን የሚበቃው የእናት ጡት ነው፤ ለሕፃኑም ለኪስም ከዚህ የሚሻል የለም። ካልሆነ ግን ሕፃን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ይጠጣል። 4 ኪሎ ሲመዝን በቀን 600፣ 6 ኪሎ ሲደርስ 900 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ባለ 400 ግራም የሕፃን ዱቄት ወተት ቆርቆሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ2.7 እስከ 3 ሊትር ይወጣዋል። ስለዚህ መጀመሪያ በወር 6 ወይም 7 ቆርቆሮ፣ ኋላ 10 ድረስ ይሄዳል። የዕለቱን የፋርማሲ ዋጋ በዚህ አባዙትና መቻላችሁን ከመፈረማችሁ በፊት እዩት።

ወተቱ ሲወደድ ማቅጠን ይመጣል፤ አደጋው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ዱቄት በ30 ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ የተላገ ማንኪያ ነው፤ መለኪያው የቆርቆሮው የራሱ ማንኪያ ነው፣ የሻይ ማንኪያ አይደለም። የቀጠነ ወተት ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም። ሕፃኑ ይከሳል፤ ውሃው ከበዛ የደሙ ጨው ወርዶ እስከ መንቀጥቀጥ ያደርሰዋል። የላም ወተትም ዓመት ሳይሞላው ዋና ምግቡ አይሁን፤ ብረቱ በጣም ጥቂት ስለሆነ የሕፃኑ ደም ያንሳል። ውሃው ፈልቶ ከግማሽ ሰዓት ሳያልፍ፣ ገና ትኩስ ሳለ ዱቄቱ ይጨመርበታል፤ ከዚያ በርዶ ይሰጣል። የተረፈው ይደፋል። ጡጦ ለማጽዳት ስለሚያስቸግር ከንጹሕ ትንሽ ስኒ ማጠጣት ይሻላል። ክትባት ግን ወጪ የለውም፤ በጤና ጣቢያ በነፃ ነው፦ እንደተወለደ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ በ9 ወርና በ15 ወር።

ለሙስሊም ቤተሰቦች የሰጠችው ምክር ለብቻው ይመሰገናል። በሸሪዓ የልጁ ዘር ከወለደው አባቱ አይነቀልም፤ አሳዳጊነት እንጂ ልጅነት አይሰጥም። ስለዚህ ነገሩን ከመጀመራችሁ በፊት ዓሊም ጠይቁ። ከ2 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን አሳዳጊዋ ካጠባችው የጡት ልጅ ይሆናል፣ መሐረምነቱም (ጋብቻ የማይፈቀድበት ዝምድና) ይጸናል፤ በሻፊዒ መዝሀብ አምስት ጊዜ ጠግቦ መጥባት ይፈለጋል። የጡት ልጅነት ግን ውርስ አያመጣም፤ ልጁን ማሰብ የፈለገ እስከ ንብረቱ ሲሶ ድረስ ይናዘዝለት።

ውሳኔው ሲሰጥ ሥራው አላለቀም። ማኅተም ያለበትን ግልባጭ ከአንድ በላይ አውጡና ወሳኝ ኩነት ሄዳችሁ ጉዲፈቻውን አስመዝግቡ፤ የጉዲፈቻ የምስክር ወረቀት ይሰጣችኋል። የጤና መድን ደብተራችሁ ላይም ልጁን አስገቡት። ዋናውን ለማንም አትስጡ፣ ኮፒ ነው የሚሰጠው።

ከደሴ ውጭ ያላችሁ፣ ኮምቦልቻም ሐይቅም ወልዲያም፣ በየወረዳችሁ ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ጽሕፈት ቤት አለ፤ እዚያ ጀምሩ። ደሴ የምትመጡ የሁለቱን ወገን መታወቂያ፣ የልደትና የጋብቻ ወረቀት፣ የሞተ ካለም የሞት የምስክር ወረቀት በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ኑ። ጧት ብትደርሱ ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ቤት ለቤት ጥናት ላይ ናት።