«ዘ ላይትሃውስ»፦ ሁለት ሰዎች፣ አንድ ቁልፍ

ሮበርት ኤገርስ እ.ኤ.አ. በ2019 ለእይታ ያበቃው «ዘ ላይትሃውስ» ብዙ ጊዜ ስለ ብቸኝነትና ስለ እብደት እንደሚተርክ ፊልም ይነገርለታል፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የአለቃና የበታች ፊልም ነው ባይ ነኝ። ታሪኩ የሚካሄደው በ1890ዎቹ፣ ከአሜሪካ ኒው ኢንግላንድ ጠረፍ ራቅ ብላ በምትገኝ ድንጋያማ ደሴት ላይ ነው። ቶማስ ዌክ የተባለው ሽማግሌ፣ ለመርከቦች ብርሃን የሚያሳየው የመብራት ማማ ጠባቂ (ዊለም ዴፎ) እና ኤፍሬም ዊንስሎ የተባለው አዲስ ረዳቱ (ሮበርት ፓቲንሰን) ለአራት ሳምንት ተረኛ ሆነው ከጀልባ ይወርዳሉ፤ ተራቸውን ጨርሰው የሚመለሱት ሁለቱ ጠባቂዎችም አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ በአጠገባቸው አልፈው ይሄዳሉ።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የምናየው ሥራ ነው፤ ፊልሙም የሚበረታው እዚህ ላይ ነው። ዊንስሎ የድንጋይ ከሰል በባለ አንድ ጎማ ጋሪ በጭቃ ውስጥ ይገፋል፣ የውኃ ማጠራቀሚያውን ያጸዳል፣ በገመድ ተንጠልጥሎ ማማውን ነጭ ይቀባል። የላምባ በርሜል በጠመዝማዛው ደረጃ እየጎተተ ላይ ድረስ ካደረሰ በኋላ፣ ሽማግሌው ትንሽ ጣሳ አስይዞት በርሜሉን ወደ ታች እንዲመልስ ያዘዋል። ፖፖ ሊደፋ ሲወጣ ደግሞ ነፋሱ የደፋውን መልሶ ፊቱ ላይ ይረጭበታል። እዚህ ላይ መሳቅ ነውር አይደለም፤ ፊልሙ ከሚወራለት በላይ አስቂኝ ነው። ነገር ግን መመሪያውን ያነበበው ዊንስሎ መብራቱን በፈረቃ መጠበቅ እንደሚገባቸው ሲጠይቅ፣ ዌክ መብራቱ የእርሱ ብቻ መሆኑን ይነግረዋል። የማማው ጫፍ ክፍል ቁልፍ ከሽማግሌው አይለይም፤ የዕለት መዝገቡንም የሚጽፈው እርሱ ብቻ ሲሆን፣ ጽፎ ሲጨርስ ይቆልፍበታል። ውጥረቱ ሁሉ የሚመነጨው ከእነዚህ ሁለት ነገሮች ነው።

ይህን ፊልም ድሬዳዋ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ነገሩ ከቶ ባዕድ አይደለም። ከተማችን ከባቡሩ ጋር የተወለደች ናት፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ላይ ነው። የምድር ባቡር ሠራተኛ በነበረበት ቤት ያደገ ሁሉ ወደ አዲጋላ፣ ወደ አይሻ ወይም ወደ ደወሌ መመደብ ምን ማለት እንደሆነ ሲወራ ሰምቷል፦ ከማያውቁት የሥራ ባልደረባ ጋር በረሃ መሐል መክረም፣ ቀለቡንም ወሬውንም ከባቡሩ መጠበቅ፣ የአለቃን ጠባይ ደግሞ ወደውም ሆነ ጠልተው መሸከም። በፊልሙ ውስጥ ማዕበል ተነሥቶ ተተኪዎቹን የምታመጣው ጀልባ ስትቀር የሚሰማው ጭንቀት ለዚህ ከተማ ተመልካች ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ማዕበሉ ከተነሣ በኋላ ዊንስሎ ጀልባዋ ከቀረች አንድ ቀን ብቻ እንደሆነ ያስባል፤ ዌክ ግን ሳምንታት ማለፋቸውን አፉን ሞልቶ ይነግረዋል። ተመልካቹ ማንን እንደሚያምን አያውቅም፤ መዝገቡ ያለው በአንዱ ወገን እጅ ብቻ ነውና የቀኑም ቁጥር የአለቃው ንብረት ሆኗል። በእኔ አስተያየት በፊልሙ ካሉት አስፈሪ ነገሮች ሁሉ የሚያስፈራው ይህ ነው።

ከትወናው አንድ ትዕይንት ልጥቀስ። ሁለቱ ሰክረው ሳሉ ዊንስሎ የሽማግሌውን ምግብ እንደማይወድ ይናገራል። ዌክ ክፉኛ ይከፋዋል፣ ቢያንስ የሠራውን ሎብስተር እንደሚወድለት እንዲናገር ይማጸነዋል፤ እምቢ ሲለውም ተነሥቶ ቆሞ የባሕር አምላክን እየጠራ ረጅም እርግማን ያወርድበታል። ዴፎ ብርሃኑ ከታች ወደ ላይ ፊቱን እየመታው፣ ዓይኑን ሳያርገበግብ ይወርደዋል። ሲጨርስ ዊንስሎ የሚመልሰው ምግብህን እወደዋለሁ ብሎ ብቻ ነው። የሽማግሌ እርግማን ይደርሳል እየተባልን ላደግን ለእኛ ይህ ትዕይንት ሳቅና ድንጋጤን በአንድ ጊዜ የሚያመጣ ነው።

ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሲሆን ቅርጹ ጎኖቹ እኩል ወደ ሆኑ አራት ማዕዘን (ካሬ) የተጠጋ፣ ስፋቱ ከቁመቱ 1.19 እጥፍ ብቻ ነው። የካሜራ ባለሙያው ጃሪን ብላሽኬ ቀይ ብርሃንን የማይቀበለውን የጥንቱን የካሜራ ፊልም ለመምሰል የተለየ ማጣሪያ ስለተጠቀመ፣ በተዋንያኑ ፊት ላይ ያለው መጨማደድና ጠባሳ ሁሉ ጠቁሮ ይወጣል። ለዚህ ሥራው ለኦስካር ታጭቷል። ስለዚህ በቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ የሚታየው ጥቁር ባዶ ቦታ ብልሽት አይደለም፤ ምስሉን እንዲሞላ መወጠር የጠባቡን ክፍል መታፈን ማጥፋት ነው። ድምፁም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለመርከቦች ማስጠንቀቂያ የሚነፋው ጡሩምባ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አያቋርጥም፤ በግንቦት ሙቀት ደግሞ ቬንቲሌተር ሳይከፈት በቤታችን መቀመጥ የማይታሰብ ነውና በጆሮ ማዳመጫ መመልከት ይመረጣል።

ፊልሙ ያነሳሳው እውነተኛ ታሪክ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ በዌልስ፣ ስሞልስ በተባለው የመብራት ማማ ከነበሩት ሁለት ጠባቂዎች አንዱ ሞቶ፣ ሌላው ገደልከው እንዳይባል ፈርቶ አስከሬኑን እያየ ለመክረም ተገድዶ ነበር። የሁለቱም ስም ቶማስ ነበር። ከዚያ በኋላ ጠባቂዎቹ ሦስት እንዲሆኑ ተደረገ።

ቅሬታዬ የመጨረሻውን ሲሶ ይመለከታል። በዓሣ ጅራት ሴትና በቅዠት የሚያልፈው ክፍል ሲበዛ፣ የሁለቱ ሰዎች የሥራ ጠብ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ሁሉም ነገር ሕልም ሊሆን ሲችል አንዱ ሌላውን ቢጎዳም ባይጎዳም ልዩነቱ ይሳሳል። ዳይሬክተሩ በመዝገቡና በቁልፉ ላይ ጸንቶ ቢቆይ ኖሮ ፍጻሜው የበለጠ ይከብድ ነበር። ሆኖም መዝገቡ በመጨረሻ ሲነበብ ያለው ቅጽበት ይህን ድክመት በከፊል ይክሰዋል።

ንግግሩ የድሮ መርከበኞች እንግሊዝኛ በመሆኑ ቋንቋውን በደንብ የሚችል ሰው እንኳ የጽሑፍ ትርጉሙን እንዲከፍት እመክራለሁ። ርዝመቱ 1 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ነው። ጭካኔና የወሲብ ምስሎች ስላሉበት ከልጆችና ከወላጆች ጋር ተቀምጦ የሚታይ አይደለም፤ የሁለት ተዋንያንን ብቃት ማየት ለሚወድ ግን ከአንድ ጊዜ በላይ ሊታይ የሚገባው ነው።