ለጀማሪ አምስት ኮከብ፣ ለጥቁር ቀበቶ ሁለት

ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ 11 ዓመት የሠራሁበትን የቴኳንዶ ክለብ ባለፈው ወር ለቀቅኩ። ስሙን አልጠራም። ልጅ ለማስመዝገብ ክለብ ለምትፈልጉ ግን ያየሁትን ልንገራችሁ፤ እንዲህ ዓይነት ክለብ በየሰፈሩ አለ።

አዳራሹ የወጣት ማዕከል ነው፣ ወለሉ ሊሾ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በባዶ እግር ሲቆሙበት ብርዱ እስከ ጉልበት ይወጣል። ምንጣፍ የሚነጠፈው ለፈተና ቀን ብቻ ነው። ክፍያው በወር 600 ብር፣ የቀበቶ ፈተና ለብቻው። የሚሠራው አይቲኤፍ የሚባለው የቴኳንዶ ዓይነት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2000 የሲድኒ ኦሎምፒክ ጀምሮ በቴሌቪዥን የምታዩት፣ ደረት ላይ መከላከያ የሚታሰርበት ዓይነት አይደለም። እዚህ ቡጢ ፊት ላይም ይሰነዘራል። "ልጄ ኦሎምፒክ ይደርስልኛል" ብለው ከፍለው ሲያበቁ ይሄን የሰሙ ወላጆች አይቻለሁ።

አሰልጣኙ ግን! ነጭ ቀበቶ በማስተማር ከማስተር (እንዲህ ነው የምንጠራቸው) የሚበልጥ አለ ብላችሁ አትከራከሩኝ። ከእጃቸው የማይለይ የተቆረጠ የመጥረጊያ እንጨት አላቸው። አይመቱበትም። ኒውንጃ ሶጊ በሚባለው አቋቋም ስንቆም ከክብደታችን 70 ከመቶው የኋላ እግር ላይ መሆን አለበት፤ ማስተር በየተራ እየዞሩ በእንጨቱ የፊት እግራችንን ገፋ ያደርጋሉ። ሸርተት ካለ ልክ ነው፣ አልነቃነቅ ካለ ክብደቱ ወደፊት መጥቷል። ምንም አይናገሩም፤ እስኪስተካከል እዚያው ይቆማሉ። ቾንጂን፣ 19 እንቅስቃሴ ብቻ ያላትን የመጀመሪያዋን ፓተርን (በቅደም ተከተል የሚሠራ የእንቅስቃሴ ስብስብ)፣ አራት ወር አሠርተውኛል። አራት ወር! ያኔ ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ። ዛሬ ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብታዙኝ እሠራታለሁ።

ችግሩ የሚጀምረው ጥቁሩ ቀበቶ ከታሰረ በኋላ ነው። ሁለተኛ ዳን (የጥቁር ቀበቶ ሁለተኛ ደረጃ) ካለፍኩ ወዲህ ሦስት ዓመት ሥራዬ ሕፃናት ፊት ቆሞ በኮሪያኛ "ሃና፣ ዱል፣ ሴት" እያሉ መቁጠር ሆነ። ጁቼ የምትባለውን የደረጃዬን ፓተርን ከ45ቱ እንቅስቃሴ እስከ 20ኛው አሳዩኝና "ቀሪውን ቅዳሜ" አሉኝ። ያቺ ቅዳሜ አልመጣችም፤ ቅዳሜ የሕፃናቱ ክፍል ነበረብኝ፣ ያውም በነፃ። የገንዘቡ ነገር አይደለም ያስከፋኝ። (እሺ፣ ትንሽ የገንዘቡም ነው።)

አንድ እሁድ ጓደኛዬ ሌላ ክለብ ይዛኝ ሄደች። ገና እያሟሟቅን፣ በዕድሜ ከኔ የሚያንስ አሰልጣኝ እግሬን አየና "እህቴ፣ ይሄ እኮ ኒውንጃ አይደለም፣ ጎጁንግ ሆኗል" አለኝ፤ ጎጁንግ ሌላ አቋቋም ነው። እውነቱን ነበር፤ ክብደቴ ሁለቱ እግሮች ላይ እኩል ለእኩል ተከፍሏል። መቼ እንደተበላሸ አላውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ ስቆጥር ያ እንጨት አንድ ቀን እንኳ እኔ እግር ጋ አልደረሰም።

ሽማግሌ ልላክ ወይስ ራሴ ልንገራቸው እያልኩ ሁለት ሳምንት አወጣሁ አወረድኩ። በስልክ መልቀቅ ነውር ነው፣ ዝም ብሎ መጥፋት ደግሞ የባሰ፤ ከኔ በፊት የነበሩት ዳኖች ሁሉ ግን እንደዚያ ነው የጠፉት። በመጨረሻ ከልምምድ በኋላ ማዕከሉ ጎን ያለችው ሻይ ቤት ቁጭ አልንና ነገርኳቸው። ያዘዙትን ሻይ አልነኩትም። ብዙ ቆይተው "ታዲያ ማን ይቆጥርልኛል?" አሉ።

"ጁቼን ሳትጨርሺ?" ብለውኝ ቢሆን ኖሮ እዚያው የምቆይ ይመስለኛል። ሂሳብ ልከፍል ቦርሳዬን ስከፍት እጄን ያዝ አድርገው ራሳቸው ከፈሉ።

እና ልጃችሁ ጀማሪ ከሆነ ሳታመነቱ ውሰዱት፤ እንደዚያ መቆም የሚያስተምረው ሌላ ቦታ በቀላሉ አታገኙም። ለክረምቱ፣ ልምምዱ እስኪጀመር ድረስ የሚያደርገው ወፍራም ካልሲ ያዙለት። ከጥቁሩ በፊት ያለው ቀይ ቀበቶ ላይ ሲደርስ አንድ ቀን ገብታችሁ ዳኖቹን ማን እያሠራቸው እንደሆነ እዩ። ደግሞ ከበሩ በስተግራ ሦስተኛው ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ ቀይ ጓንት አለ፣ የኔ ነው። ለመውሰድ መመለስ አልቻልኩም። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ለልጅ ይሆናል፤ ማስተርን አስፈቅዳችሁ ውሰዱት።