ኦዜምፒክ ወይስ ሙንጃሮ? ሁለቱንም ወግቼ ያየሁት

ሁለቱም ለስኳር በሽታና ክብደት ለመቀነስ የሚወሰዱ፣ በሳምንት አንዴ ሆድ ወይ ጭን ላይ ከቆዳ ስር የሚወጉ መድሃኒቶች ናቸው፣ መርፌዋ ቀጭን ስለሆነች ህመሙ ምንም አይደለም። ችግሩ ያለው ጨጓራ ላይ ነው እንጂ። ኦዜምፒክ ውስጥ ያለው ሴማግሉታይድ ጂኤልፒ-1 የሚባለውን የአንጀት ሆርሞን ነው የሚያስመስለው፣ የሙንጃሮው ቲርዜፓታይድ ግን ጂአይፒ የሚባለውንም ሆርሞን ስለሚያስመስል ክብደት መቀነስ ላይ ይበልጣል፣ በ2025 የወጣው ፊት ለፊት ያወዳደራቸው ጥናት ላይ በ72 ሳምንት በቲርዜፓታይድ ከክብደታቸው 20 በመቶ ገደማ፣ በሴማግሉታይድ 14 በመቶ ገደማ ነው የቀነሱት። ልቡን ለታመመ ሰው ግን ሴማግሉታይድ የተሻለ ማስረጃ አለው ባይ ነኝ፣ የስትሮክና የሀርት አታክ (ድንገተኛ የልብ ህመም) አደጋ እንደሚቀንስ ቀድሞ የታየው በሱ ነው።

ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ድርቀት፣ እና ያ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ግሳት (ይቅርታ ግን እውነት ነው) በሁለቱም አለ፣ ዶዝ (የመድሃኒቱ መጠን) ሲጨመር ይብሳል። ሴማግሉታይድ ከ0.25፣ ቲርዜፓታይድ ከ2.5 ሚሊግራም ነው የሚጀመረው፣ ቶሎ ልክሳ ብሎ ወደ ከፍተኛ ዶዝ መዝለል ዋጋ ያስከፍላል። ወደ ጀርባ የሚዘልቅ የማይለቅ የሆድ ህመም ከመጣ የቆሽት መቆጣት ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ሀኪም ጋ ነው፣ የሀሞት ጠጠርም ሊያመጣ ይችላል። በቤተሰብ ሜዱላሪ የሚባለው የታይሮይድ (የአንገት እጢ) ካንሰር ካለ ሁለቱንም አትንኩ። ሴቶች ደግሞ ይሄን ስሙ፣ ሙንጃሮ የሚዋጥ የወሊድ መከላከያን ያዳክማል፣ ሲጀመርና ዶዝ በተጨመረ ቁጥር ለ4 ሳምንት ኮንዶም መጨመር ያስፈልጋል፣ ይሄን ማንም አይነግራችሁም! ሲቆም ደግሞ ኪሎው አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ለኔ ሙንጃሮ 4 ኮከብ፣ ኦዜምፒክ 3 ተኩል።