አምስት ወር የሸተተኝን ቤት በአንድ ባልዲ ውሃ ላዳኑልኝ ሰው

መጀመሪያ ምስጋናውን ላስቀድም፣ ብሶቱ ይደርሳል። የቧንቧ ባለሙያዎች ማህበር ሊቀመንበር የሆኑት ጋሼ፣ "ስሜን እንዳትጽፊ" ስላሉኝ ስማቸውን አልጽፍም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ስልኩን ላነሳችልኝ የማህበሩ ጸሐፊም እንደዚሁ። አምስት ወር ሙሉ አፍንጫዬን ይዤ የኖርኩበትን ቤት በግማሽ ሰዓት ቤት አድርጋችሁልኛል።

አሁን ብሶቱ።

ቤታችን መሽተት የጀመረው አባዬ ባረፈ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ነው። መጀመሪያ ላይ የራሴ ጭንቅላት ነው ብዬ ነበር። ሐዘን ላይ ያለ ሰው የሌለ ነገር ይሰማዋል፣ የሌለ ነገር ይሸተዋል። ከዚያ እህቴ መጣችና በሩ ላይ ቆማ "ምንድነው እንዲህ የሚሸተው?" አለች። እፎይ አልኩ፣ ያበድኩ መስሎኝ ነበርና። ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩ። ሽታው የፍሳሽ ሽታ ነው፣ ላሳምረው ብልም አልችልም። ጠዋት ይብሳል፣ ቀን ቀለል ይላል፣ ማታ ከስራ ስመለስ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ይቀበለኛል። በረኪና ደፋሁ። ሽቶ ረጨሁ። ሽቶና የፍሳሽ ሽታ ሲደባለቁ ምን እንደሚወጣው የሞከረ ያውቀዋል።

የመጀመሪያው ባለሙያ "የሽንት ቤቱ መቀመጫ ነው" አለ። ተቀየረ። ሽታው አለ። ሁለተኛው ወለሉን በመዶሻ እየመታ ጆሮውን ደቅኖ አዳመጠና "ከስር ቧንቧው ተሰብሯል" አለኝ። እንዴት እንደሰማው እንጃ። ሦስት ቀን የመታጠቢያ ቤቱን ሴራሚክ ሰበረ፣ ቤቱ በሙሉ አቧራ ለበሰ፣ "አገኘሁት" አለ፣ በሲሚንቶ ደፈነ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። ሽታው ሳምንት ሳይሞላ እንዳለ ነበር። ስልኩን ስደውል መጀመሪያ ያነሳ ነበር፣ በኋላ ማንሳት ተወ፣ በመጨረሻ ዘጋው።

ሦስተኛውን ግን አልረሳውም። ድርጅት ነን ብለው ሁለት ልጆች አስከትለው መጡ። ሳይጠይቁኝ የአባዬን ክፍል ከፍተው ከነጫማቸው ገቡ። የመሳሪያውን ቦርሳ አልጋው ላይ አስቀመጡት። አልጋው ላይ! ለመናገር አፌን ስከፍት አለቃቸው "መስመሩ በሙሉ ተነቅሎ እንደ አዲስ መዘርጋት አለበት፣ ግማሹ ቅድሚያ ይከፈላል" አለኝ። ላስብበት ስለው "ሽታው ካልረበሸሽ እኔን ምን አገባኝ" ብሎኝ ወጣ። በሩን ዘግቼ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለሽታው ይሁን ለአልጋው አላውቅም።

አንድ የስራ ባልደረባዬ ናት "የባለሙያዎቹ ማህበር ጋ ለምን አትደውዪም?" ያለችኝ። እውነቱን ልናገርና ሳቅኩባት። ማህበር ምን ያደርግልኛል፣ ስብሰባ አልጠራ! ግን ሌላ የቀረኝ ነገር ስላልነበረ ደወልኩ።

ስልኩን ያነሳችው ሴት የጠየቀችኝን እነዚያ ሁሉ ሰዎች አንዳቸውም አልጠየቁኝም። "እህቴ፣ የትኛው ክፍል ውስጥ ይብሳል? ከመቼ ጀምሮ ነው? ያኔ ቤት ውስጥ የተለወጠ ነገር ነበር?" ምንም አልተለወጠም አልኳት። ከዚያ ዝም አልኩና "አባቴ ሞቷል" አልኩ። ከማላውቃት ሴት ጋር፣ ስለ ፍሳሽ እያወራሁ፣ ድምፄ ተቆረጠ። አልቸኮለችም፣ ስልኩንም አልዘጋችውም። "ነፍስ ይማር" አለችኝ፣ እስክረጋጋ ጠበቀችና "ነገ ጠዋት ሰው ይመጣል" አለች። የሚመጣው ሊቀመንበሩ ራሳቸው እንደሆኑ አልነገረችኝም።

ጠዋት በሩን ስከፍት ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቀጠን ያሉ ሰውዬ፣ ትከሻቸው ላይ አሮጌ ቦርሳ፣ ብብታቸው ስር የታጠፈች ቁራጭ ስፖንጅ። ስፖንጇ ለጉልበታቸው ነች። ቦርሳውን አልከፈቱትም። ዝም ብለው ቤቱን ዞሩ። ወጥ ቤት ቆሙ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሙ፣ የተሰባበረው መታጠቢያ ቤት ጋ ሲደርሱ ትንሽ ቆዩና አለፉ። ከዚያ የተዘጋው በር ጋ ደረሱ።

"ይሄስ?"

"የአባቴ ክፍል ነው።"

"ልግባ? ካልፈለግሽ ይቆያል፣ ሌላውን እንይ።"

ግቡ አልኳቸው። ጫማቸውን አወለቁ። ማንም አላዘዛቸውም። በካልሲ ገብተው፣ አልጋውን በሩቁ ዞረው፣ ጥግ ላይ ያለችው ትንሽዬ ሻወር ቤት ገቡ። ስፖንጇን ዘርግተው ተንበረከኩ፣ ወለሉ ላይ ያለችውን የውሃ መውረጃ ክዳን አነሱና ባትሪ አበሩባት። ብዙም አላዩም። "ልጄ፣ በባልዲ ውሃ አምጪልኝ" አሉ። አመጣሁ። ቀስ ብለው ደፉት። ጉርርር የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ ዝም አለ። "አሁን ደግሞ አንድ ማንኪያ ዘይት።" ዘይቱንም አመጣሁ፣ ጠብ አደረጉት። መስኮቱን ከፍተው ተነሱ።

"ጨረስን" አሉ።

እንዳትታዘቡኝ፣ ተናደድኩ። አምስት ወር፣ ሦስት ባለሙያ፣ የፈረሰ ወለል፣ መፍትሔው አንድ ባልዲ ውሃ? የሚያሾፉብኝ መሰለኝ። ፊቴን አይተው መሰለኝ በእጃቸው የኤስ ቅርፅ እየሳሉ አስረዱኝ። ከያንዳንዱ መውረጃ ስር የተጠማዘዘ ቧንቧ አለ፣ ጥምዙ ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ ይቀራል፣ ከስር የሚመጣውን ሽታ የሚያግደው ያ ውሃ ነው። ሰው ካልታጠበበት ውሃው ይተንናል፣ መንገዱ ክፍት ይሆናል። ዘይቱ ከላይ ሰፍፎ ውሃው ቶሎ እንዳይደርቅ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ስለ አየር ግፊትና ስለ ጣሪያው ቱቦ ብዙ ነገሩኝ፣ እየነቀነቅኩ ሰማሁ፣ ምንም አልገባኝም።

አንድ ነገር ግን ገብቶኛል። "አባትሽ በየቀኑ ሲታጠቡ ያቺን በር እየዘጉልሽ ነበር" አሉኝ።

ሂሳብ ስጠይቃቸው ሳቁ። "ውሃው ያንቺ፣ ዘይቱም ያንቺ፣ የምን ላስከፍልሽ?" የትራንስፖርት እንኳ በግድ ነው የተቀበሉኝ።

ሲወጡ ያ የተሰባበረው ወለል ጋ ተመልሰው ቆሙ። ያኔ ፊታቸው ተለወጠ። "ይሄን የሰበረው ሰው ፈቃዱን አሳይቶሻል? ደረሰኝ ሰጥቶሻል?" አላሳየኝም፣ አልሰጠኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። "እኛን ነው ያሳፈረው" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሴራሚክ ማንጠፍ የቧንቧ ሰራተኛ ስራ አይደለም። ግን "በሙያችን ስም ነው የፈረሰው" ብለው ቅዳሜ ማህበሩ ከሚያሰለጥናቸው ልጆች ሁለቱን ከአንድ ሴራሚክ አንጣፊ ጋር ላኩልኝ። ዕቃውን እኔ ገዛሁ፣ ለአንጣፊው ከፈልኩ፣ ልጆቹ ግን ሰባራውን ሲያወጡና ሲያቀብሉ ውለው ሳንቲም አልነኩም።

ልጆቹን ይዘው የመጡት ደግሞ የቀድሞው ሊቀመንበር ናቸው፣ በጣም አዛውንት። ጉልበታቸው በስራ አልቋል፣ ከዘራ ይዘው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር ልጆቹን የሚያርሙት። አንዱ ልጅ ክዳኗን አጣሞ ሲያስቀምጥ በከዘራቸው ጫፍ ነካ አድርገው "አስተካክል" ይሉታል። አሁን ያሉትን ሊቀመንበር ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። በአሥራ አምስት ዓመቱ ቧንቧ ተሸካሚ ሆኖ መጣ፣ አሁን ሊቀመንበሬ ሆነ ብለው ይስቃሉ። ሊቀመንበርነቱ ደሞዝ የለውም። ቀን ስራ፣ ማታ ስብሰባ፣ ቅዳሜ ስልጠና። እኔ ጋ የመጡት ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ በሳምንት ጥቂት ጥሪ ራሳቸው ካልሄዱ ሰው ምን እንደሚያማርር እንደማያውቁ ነው ሊቀመንበሩ የነገሩኝ። እንዲህ የሚል ሊቀመንበር ስንት ታውቃላችሁ?

ጸሐፊዋም ቢሮ ብቻ የምትቀመጥ እንዳትመስላችሁ። ራሷ ቧንቧ ሰራተኛ ናት። ስትጀምር መሳሪያዋን ይዛ ሰው ቤት ስትደርስ በሩን የሚከፍተው ሰው ከኋላዋ እያየ "ባለሙያውስ?" ይላት ነበር። አሁን አዲስ የሚገቡትን ሴት ልጆች የመጀመሪያዎቹን ቤቶች አብራቸው ትሄዳለች፣ ያን ጥያቄ ብቻቸውን እንዳይሰሙ።

ጋሼ ከመሄዳቸው በፊት የነገሩኝ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ጥምዝ ቧንቧዋን እ.ኤ.አ. በ1775 በስሙ ያስመዘገበው አሌክሳንደር ከሚንግ የሚባል ስኮትላንዳዊ ነው አሉኝ፣ ሙያው ደግሞ ሰዓት ሰሪ። ቀጥለው "ይሄ የሽታ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልሽ" አሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሳርስ የሚባለው በሽታ ሲነሳ ሆንግ ኮንግ ውስጥ አሞይ ጋርደንስ በሚባል የመኖሪያ መንደር ከ300 በላይ ሰው ተያዘ። መርማሪዎች ከደረሱባቸው ምክንያቶች አንዱ ልክ እንደኔ ቤቱ የደረቀ የወለል መውረጃ ነበር። የመታጠቢያ ቤት ማራገቢያ ከስር ያለውን ወደ ላይ እየሳበ። በካልሲ ቆመው ሲነግሩኝ እጄ ላይ ያለው ባልዲ ከበደኝ።

ማታ እነዚህ ሰዎች ምን ዓይነት ናቸው ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ለካ የዓለም የቧንቧ ባለሙያዎች ምክር ቤት የሚባል አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የተቋቋመ። ለካ የዓለም የቧንቧ ቀንም አላቸው፣ ከ2010 ጀምሮ በየዓመቱ ማርች 11። ለቸኮሌት ሳይቀር ቀን እንዳለ አውቃለሁ፣ ይሄን ግን አልሰማሁም ነበር። አሜሪካ ፍሊንት ከተማ ውሃው እርሳስ በሚባለው መርዛማ ብረት ሲበከል ደግሞ በጃንዋሪ 2016 አንድ ቅዳሜ 300 ገደማ የማህበር አባል የሆኑ ቧንቧ ሰራተኞች ሄደው ቤት ለቤት እየዞሩ ማጣሪያና አዲስ የቧንቧ መክፈቻ በነፃ ሲገጥሙ ውለዋል። የጋሼ ጠባይ የሳቸው ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ እባካችሁ፣ እባካችሁ። ቤታችሁ ከሸተተ መዶሻ የያዘ ሰው ከመጥራታችሁ በፊት የማትጠቀሙበት ክፍል ሄዳችሁ መውረጃው ላይ ውሃ ድፉ። የእንግዳ ሻወር፣ ልጁ ትቶት የሄደው ክፍል፣ ምድር ቤት፣ ሁሉንም። በዚያ ካልሄደ የአካባቢያችሁን የባለሙያዎች ማህበር ፈልጉና ደውሉ። ፈቃድ አሳየኝ በሉ፣ አትፈሩ፣ ደህና ባለሙያ አይቀየምም። እኔ ብጠይቅ ኖሮ ወለሌ አይፈርስም ነበር። ደግሜ እላለሁ፣ ማህበሩ ጋ ደውሉ። ጋሼም "ስሜን ትተሽ ማህበሩን ጻፊ" ያሉኝ ለዚህ ነው።

የአባዬን ክፍል አሁን በየቅዳሜው እከፍተዋለሁ። መጀመሪያ በሩጫ ነበር የምደፋው፣ ውሃውን ደፍቼ በሩን እዘጋለሁ። አሁን መስኮቱንም እከፍታለሁ፣ አቧራውንም አነሳለሁ፣ አንዳንዴ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እላለሁ።

ትናንት ጸሐፊዋ ደወለችልኝ። ወር ሞልቶ ነበር።

"ሽታው እንዴት ነው?" አለችኝ።

"የምን ሽታ?" አልኳት።

ሳቀች። "ባልዲውንስ?"

"ቅዳሜ ቅዳሜ።"